ከሞተሩ ጀምሩ፦ የ1960ዎቹን ድራግስተር በ1፡25 ልኬት መሥራት

የሞዴል መኪና የሚሠሩ ሰዎች አብዛኛውን ድካማቸውን የሚያፈሱት ቀለም ላይ ነው። ኮፈኑ እንደ መስታወት ካበራ የቀረው ይደበቃል፤ ሞተሩ ከኮፈኑ ሥር ነው፣ ሻንሲው ከሆዱ ሥር ነው፣ ገልብጦ የሚያይ የለም። የ1960ዎቹ ድራግስተር ግን መደበቂያ የለውም። ኮፈን የለው፣ በር የለው፤ ሞተሩ፣ የነዳጅ ቧንቧው፣ የካንዴላ ገመዱ፣ የኋላ አክስሉ ሁሉ ተገልጦ ይታያል። መኪና የሚያውቅ ሰው ሞዴሉን ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው “ይህ ቧንቧ ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል?” ብሎ ነው። መልስ የሌለው ቧንቧ ከተገኘ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር አያድንም። ይህ መመሪያ የተጻፈው በዚያ ጥያቄ ዙሪያ ነው።

ስለ መኪናው ጥቂት

ድራግ ውድድር ሁለት መኪኖች ከቆሙበት ተነሥተው ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር ያህል፣ በቀጥታ መስመር የሚሽቀዳደሙበት የአሜሪካ ስፖርት ነው። እዚህ የምንሠራው ስሊንግሾት የሚባለውን ዓይነት ነው፦ ከብረት ቱቦ የተበየደ ረጅምና ቀጭን ሻንሲ፣ ከነጂው ፊት የተቀመጠ ሞተር፣ ከኋላ አክስሉ በስተጀርባ እግሮቹን በአክስሉ ላይ አሳልፎ የሚቀመጥ ነጂ። አሜሪካዊው የድራግ ነጂ ዶን ጋርሊትስ በኦገስት 1964 በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ግሬት ሜዶውስ በተባለ ቦታ፣ በሰዓት 201.34 ማይል ወይም 324 ኪሎ ሜትር የበረረው እንዲህ ባለ መኪና ነበር። ማርች 8 ቀን 1970 ደግሞ በካሊፎርኒያው ሊዮንስ የውድድር ሜዳ የመኪናው ካምቢዮ ፈንድቶ የቀኝ እግሩን ከፊል አሳጣው። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ከነጂው በስተኋላ የሚቀመጥ መኪና ሠርቶ በ1971 ያሸንፍበት ጀመር፤ ሌሎቹም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተከተሉት። ስለዚህ ሞዴላችን የሚያርፍበት ዘመን የታወቀ ነው። እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

በዚህ መኪና ላይ የሌለውን ማወቅ ያለውን ከማወቅ አይተናነስም። ራዲያተር የለውም፤ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ የሚሠራው ለጥቂት ሰከንዶች ስለሆነ በውስጡ ያለው ውሃ ይበቃዋል። ዲናሞና ባትሪ የለውም፤ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠው ማግኔቶ ኤሌክትሪኩን ራሱ ያመነጫል። ሞተሪኖም የለውም፤ ሌላ መኪና ከኋላ እየገፋ ያስነሣው ነበር። የፊት ፍሬን የለውም። የኋላ አክስሉ ሻንሲው ላይ በቀጥታ የታሰረ ስለሆነ የኋላ ባሌስትራም የለውም። የሞዴሉ ክፍሎች ተሽገው በሚሸጡበት ሳጥን ውስጥ ለሌላ ሥሪት የታሰበ ራዲያተር ወይም ባትሪ ካገኛችሁ ወደ ትርፍ ዕቃ ይሂድ።

ፎቶ መምረጥ

አንድ መኪና፣ ከተቻለም የአንድ ውድድር ፎቶ ምረጡ። እነዚህ መኪኖች በየጊዜው ይፈቱ፣ ይቆረጡ፣ ይበየዱ ነበር፤ በዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ የተነሡ የአንዱ መኪና ፎቶዎች ሲተያዩ የጭስ ማውጫው፣ የፊት ቸርኬው፣ አንዳንዴም የሻንሲው ርዝመት ይለያያል። ከሁለቱ ቀላቅላችሁ ብትሠሩ ኖሮ የማያውቅ መኪና ይወጣችኋል። ዘመኑን ቶሎ የሚናገረው የጭስ ማውጫው ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ታችና ወደ ኋላ የተጣመመው ይበዛ ነበር፤ ከ1964 አካባቢ ጀምሮ ዙሚ የሚባለው፣ ወደ ላይ የተቀሰረው፣ ቦታውን ወሰደ።

ቢያንስ የግራ፣ የቀኝና የኋላ ፎቶ ያስፈልጋል። ፎቶዎቹን አሳትማችሁ ከጠረጴዛው በላይ ለጥፉ፤ ሙጫ በነካ ጣት ስልክ መነካካት ለስልኩም ለሥራውም አይበጅም። ፍሎሪዳ የምትኖሩ ወይም በዚያ የምታልፉ ካላችሁ ኦካላ ከተማ የሚገኘውን የጋርሊትስ የድራግ ውድድር ሙዚየም ጎብኙ፤ እውነተኞቹ መኪኖች እዚያ ቆመዋል። ቢሆንም ከሙዚየም ፎቶ ይልቅ የዘመኑን ፎቶ እመኑ። የታደሰ መኪና ብዙ ጊዜ በወጣትነቱ ከነበረው ይበልጥ ያምራል።

ዕቃ ማሰባሰብ

ሬቬል፣ ኤኤምቲ እና ኤምፒሲ የተባሉት የአሜሪካ አምራቾች ከ1960ዎቹ ጀምሮ የድራግስተር ሞዴሎችን በሳጥን ሸጠዋል፤ አንዳንዶቹም እየቆዩ እንደገና ይወጣሉ። ኢትዮጵያ ያላችሁ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ማስቸገራችሁ አይቀርም። የምታስመጡት ግን ሳጥኑን ብቻ ይሁን። የሚረጭ ቀለምና የሞዴል ሙጫ ተቀጣጣይ ስለሆኑ በአውሮፕላን ሻንጣ ማስጫን ዘመዳችሁን ፍተሻ ላይ ማዋረድ ነው።

ከመሣሪያ በኩል ስለታም ቢላ፣ ጫፉ የሾለ ወረንጦ፣ ትንንሽ ሞረዶች፣ በጣት የሚሽከረከር ትራፓኖ ከ0.3 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ካሉ መብሻዎች ጋር፣ ከ400 እስከ 2000 ቁጥር ያለው ብርጭቆ ወረቀት፣ ትንሽ ፒንሳና የልብስ መቆንጠጫ ይበቃሉ። የቀረው ከሰፈር ይገኛል። የኢንተርኔት ገመድ ሲላጥ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው የመዳብ ሽቦ ይሰጣል። የተቃጠለ ሞተር የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች ዘንድ 0.3 ሚሊሜትር የሆነ፣ ቫርኒሽ የተቀባ ሽቦ ቁርጥራጭ አይጠፋም። ከፋርማሲ የሚገዛ አዲስ የመርፌ ጫፍ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ በዚህ ልኬት የሚገኘው ምርጥ የብረት ቱቦ እሱ ነው። ስትቆርጡት በፒንሳ አትጭመቁት፣ ቀዳዳው ይደፈናል። በሞረድ ዙሪያውን ጫር አድርጉና በሁለት ፒንሳ ይዛችሁ ስበሩት።

ሒሳቡን አስቀድሙ

በ1፡25 ልኬት ማንኛውንም መጠን በሚሊሜትር አድርጋችሁ ለ25 አካፍሉ። 2 ኢንች ውፍረት ያለው የጭስ ማውጫ ወደ 2 ሚሊሜትር ይወርዳል። አንድ ኢንች ተኩል የሻንሲ ቱቦ 1.5 ሚሊሜትር ይሆናል። ግማሽ ኢንች የነዳጅ ቧንቧ ግማሽ ሚሊሜትር ሲሆን፣ 7 ሚሊሜትር የካንዴላ ገመድ 0.3 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ይህን የምለው ብዙ ጥሩ ሞዴል የሚበላሸው በወፍራም ሽቦ ስለሆነ ነው። አንድ ሚሊሜትር የሆነ የካንዴላ ገመድ በእውነተኛው መኪና ላይ 2 ሴንቲሜትር ተኩል፣ ማለትም የውሃ ጎማ የሚያህል ይሆናል። ከወፈረው ይልቅ የቀጠነው ይሻላል፤ ዓይን ቀጭኑን ይቅር ይላል።

ሞተሩ

በዘመኑ ብዙዎች የሚመርጡት ክራይስለር በ1957 እና በ1958 ለመደበኛ የቤት መኪኖች የሠራውን 392 ሄሚ ነበር፤ 6.4 ሊትር ቪ8 ነው። በላዩ የሚቀመጠው፣ አየር በግድ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ብሎወር 6-71 ይባላል። ከጄኔራል ሞተርስ የናፍጣ ሞተር የተወሰደ ነው፤ ስድስት ሲሊንደር፣ እያንዳንዱ 71 ኪዩቢክ ኢንች፣ ለጭነት መኪናና ለአውቶቡስ የተሠራ። የአውቶቡስ ዕቃ ፈቶ የዓለምን ፈጣን መኪና መሥራት፣ የዚህ ስፖርት ሰዎች ጠባይ በሙሉ በዚያ ይታያል።

መጀመሪያ የሞተሩን ሁለት ግማሾች አጣብቁ። ሙጫው አንድ ሌሊት ይድረቅ፤ ከዚያ የመጋጠሚያውን መስመር በ400፣ ቀጥሎም በ800 ብርጭቆ ወረቀት አጥፉ። እውነተኛ ሞተር መሃሉ ላይ ስፌት የለውም።

ቀጥሎ ክሮሙን አንሡ። ከሳጥኑ የሚወጡት የሚያብረቀርቁ ክፍሎች በላያቸው ያለው ንጣፍ ዝርዝራቸውን ይሸፍናል፣ ሙጫም አይዝበትም። በረኪና ውስጥ ነክራችሁ ተዉአቸው፤ አንዳንዱ በደቂቃዎች፣ አንዳንዱ በሰዓታት ይለቃል። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አድርጉ። ካነሣችሁ በኋላ በሳሙና እጠቡ።

አሁን የብርን ቀለም በአራት ክፈሉት፤ በዚህ ሞዴል ላይ ከቀለም ሥራ ሁሉ ፍሬ ያለው ይህ ነው። ብሎወሩና የነዳጅ ታንኩ የተወለወለ አሉሚኒየም ናቸው፤ ደማቅ ብር ቀቡአቸው። ብሎወሩ የሚቀመጥበት የአየር ማከፋፈያ ግን ቀልጦ የተቀዳ አሉሚኒየም ስለሆነ ትንሽ ግራጫ የተቀላቀለበትና የማያበራ ብር ይፈልጋል። የኋላ ቸርኬዎቹ ማግኒዚየም ከሆኑ ከዚያም የደበዘዘ፣ ወደ ቡናማ ያዘነበለ ግራጫ ይሁኑ። ክሮም የሚቀረው ለፊት አክስሉና ለጥቂት ዘንጎች ብቻ ነው። ሁሉን ክሮም ያደረገ ሞዴል መጫወቻ ይመስላል። አራቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ማንም ሳይነግረው ተመልካቹ ብረቶቹን ይለያል።

የጭስ ማውጫዎቹን ስምንት ጫፎች ብሱ። በመርፌ ጫፍ መሃላቸውን ምልክት አድርጉ፣ በ0.5 ጀምራችሁ እስከ 1.5 ሚሊሜትር አስፉ፣ ጠርዙን በቢላ ጫፍ አቅጥኑት። በቀዳዳ ፋንታ ጥቁር ነጥብ የሚቀቡ አሉ፤ በዚህ መኪና ላይ ግን ስምንቱ ጫፎች ወደ ተመልካቹ ዓይን የተደገኑ ስለሆኑ አያዋጣም።

ብሎወሩን የሚያዞረው ቺንጋ ጥርሱ በውስጥ በኩል ነው። ስለዚህ የውጭ ፊቱ ልሙጥና የማያበራ ጥቁር ሲሆን ጥርሱ የሚታየው ከጎን ብቻ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ደንዳና ከሆነ 3 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ያለው የጥቁር ወረቀት ቁራጭ በሁለቱ ፑሌዎች ላይ ጠቅልላችሁ ከታች፣ ከማይታይበት አጣብቁት።

የካንዴላ ገመዶች

አብዛኛው ሰው የሚሰናከልበት እዚህ ነው። በ392 ላይ ማግኔቶው የሚቆመው ከሞተሩ በስተኋላ፣ ከብሎወሩ ጀርባ ነው። በኋላ በመጣው 426 ሄሚ ላይ ግን የእሳት ማከፋፈያው ቦታ ከፊት ነው። ሁለቱን የሚያደባልቅ ሞዴል ስንትና ስንት ነው!

ማግኔቶው ክዳን ላይ በክብ የተደረደሩ ስምንት ቀዳዳዎች በ0.3 ሚሊሜትር መብሻ ብሱ። ስምንት ብቻ። መደበኛ መኪና ላይ መሃል ለመሃል ከኮይል የሚመጣ ዘጠነኛ ገመድ አለ፤ ኮይሉ በውስጡ ባለ ማግኔቶ ላይ ግን የለም።

የሄሚ ካንዴላ በቫልቭ ክዳኑ መሃል ለመሃል ወደ ውስጥ ይገባል። በየክዳኑ ላይ አራት ቀዳዳዎች በአንድ መስመር ብሱ። ከነጂው መቀመጫ ሲታይ በግራ በኩል ያሉት ሲሊንደሮች ከፊት ወደ ኋላ 1፣ 3፣ 5፣ 7 ሲሆኑ በቀኝ ያሉት 2፣ 4፣ 6፣ 8 ናቸው። የእሳቱ ቅደም ተከተል 1-8-4-3-6-5-7-2 ነው። ይህ ማለት ማግኔቶው ላይ ጎን ለጎን ያሉት ገመዶች ሁሉ ወደ አንድ ወገን አይሄዱም፤ 1 ወደ ግራ ሲሄድ 8 እና 4 ወደ ቀኝ ይሻገራሉ፣ 3 ተመልሶ ወደ ግራ ይመጣል። ክዳኑን ለሁለት ከፍሎ አራቱን ወዲህ አራቱን ወዲያ መላክ ሥርዓታማ ይመስላል፤ መኪናው ግን አይነሣም።

ገመዶቹን ከሚያስፈልገው በላይ ረጅም አድርጋችሁ ቁረጡ። መጀመሪያ ማግኔቶው ላይ በጥቂት ሱፐር ግሉ አጣብቁ፣ ይድረቅ፤ ከዚያ ሞተሩ ላይ ትከሉትና እያንዳንዱን ወደየሲሊንደሩ አምጥታችሁ ቁረጡት። ሱፐር ግሉውን ከጠርሙሱ አታፍስሱ፤ ወረቀት ላይ አንጠብጥባችሁ በጥርስ ስንጥር ጫፍ ንኩ። ካንዴላው አናት ላይ ያለውን የጎማ ክዳን ከኢንተርኔት ገመድ ልባስ ከአንድ ሚሊሜትር በማይበልጥ ርዝመት ቆርጣችሁ ማሳየት ትችላላችሁ፤ መዳቡን ካወጣችሁለት በኋላ የካንዴላ ገመዱ በመሃሉ ያልፋል።

ነዳጁን ተከተሉ

ነዳጁ ናይትሮሜቴን ነው። ታንኩ ከሞተሩ ፊት፣ በሻንሲው ቱቦዎች መካከል ይቀመጣል። ከታንኩ ሥር የሚወጣው ወፍራም ቧንቧ ሞተሩ ፊት ላይ ወዳለው ፓምፕ ይገባል። ከፓምፑ የሚወጣው ወደ ላይ ብሎወሩ አናት ላይ ወዳለው የነዳጅ መርጫ ይሄዳል፤ እዚያ ነጂው ጋዝ ሲረግጥ አብሮ የሚከፈት ቫልቭ አለ። ከቫልቩ ወደ ማከፋፈያ፣ ከማከፋፈያው በቀጫጭን ቱቦዎች ወደ መርጫ አፎቹ ይደርሳል። የተረፈው በሌላ ቧንቧ ወደ ታንኩ ይመለሳል። ይህን የመመለሻ ቧንቧ ረስቶ የማይቀር ሞዴል ሠሪ ጥቂት ነው፤ እናንተ አትርሱት።

የታንክ መውጫውን ከ0.8 ሚሊሜትር የመርፌ ቱቦ፣ ሌሎቹን ከግማሽ ሚሊሜትር መዳብ፣ የመርጫ ቱቦዎቹን ከዚያ ከቀጠነ ሽቦ ሥሩ። ቧንቧው ከዕቃ ጋር በሚገናኝበት ሁሉ ዳዶ አለ። ከትንሽ የመርፌ ቱቦ ቁራጭ ወይም ሽቦ ላይ ከተጠቀለለ ቀጭን የአሉሚኒየም ወረቀት አውጡት። የዚህ ዘመን መኪናዎች ላይ የምናየው ቀይና ሰማያዊ ዳዶ ያኔ ገና አልተለመደም፤ ብር ወይም ነሐስ ቀቡት። ቧንቧን በጣት አታጥፉ። በመብሻው ዘንግ ላይ ጠምዝዙት፣ መታጠፊያው ክብ ይወጣል።

ሻንሲውን ማቃናት

የሞተሩ ሙጫ ሲደርቅ ሻንሲውን ያዙ። ረጅምና ቀጭን የፕላስቲክ ክፍል ሳጥን ውስጥ ሲኖር ይጣመማል። እጅ የማያስገባ ትኩስ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ነክራችሁ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስተኙት፣ በመጽሐፍ ጫኑት፣ እስኪቀዘቅዝ አትንኩት። ቱቦዎቹ ላይ ያለውን የቅርጽ መስመር በቢላው ጀርባ ፋቁ፤ በብርጭቆ ወረቀት ከሞከራችሁ ክቡ ቱቦ ጠፍጣፋ ይሆናል። ስታጣብቁ የመኪናውን የላይ ንድፍ በወረቀት ሥላችሁ ከመስታወቱ ሥር አድርጉና በመስመሩ ላይ ገንቡ። አራቱም ጎማ መሬት መንካቱን ከቀለም በፊት አረጋግጡ፤ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ገላና ቀለም

ያለው ገላ ከነጂው ዙሪያ ያለው ሽፋንና እንደ መኪናው ከሞተሩ ፊት የሚዘረጋው ነው። የአገር ውስጥ የመኪና ቀለም የምትጠቀሙ ከሆነ ተጠንቀቁ፤ ቲነሩ ፕላስቲኩን ይበላል። መጀመሪያ በትርፍ ቁራጭ ላይ ሞክሩ። ሲረጭ በጣም ስስ፣ ከመድረሱ በፊት የሚደርቅ እስኪመስል የቀለለ ይሁን፤ በየመሃሉ ይድረቅ። መሠረት ከያዘ በኋላ መደበኛውን ንጣፍ ማልበስ ይቻላል። ከዚያ በ2000 በውሃ አሹትና አጥቡት። የጋርሊትስን ዓይነት ጥቁር ከመረጣችሁ አቧራና ጭረት ሁሉ ይጋለጣል፤ ለመጀመሪያ ሥራ ቀይ ይቀላል።

ከሳጥኑ ጋር የሚመጡት፣ ገላው ላይ የሚለጠፉት ጽሑፎች ቢጫ ሆነው ከመጡ ወረቀቱን እንዳለ ከመስኮት መስታወት ላይ ለጥፉት፤ የአዲስ አበባ የጥቅምት ፀሐይ በጥቂት ቀናት ታነጣዋለች።

ጎማ፣ መቀመጫ፣ የጉዞ ምልክት

የኋላ ጎማዎቹ ወለል ልሙጥ ነው። ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡትን ብልጭታ በ400 ብርጭቆ ወረቀት አንሡት። የፊቶቹ ቀጭን፣ የብስክሌት የሚመስሉ ባለ ሽቦ ቸርኬዎች ናቸው፤ ፕላስቲኩ ወፍራም ከሆነ በቢላ አቅጥኑ። ከመሪው የሚነሣው ረጅም ዘንግ በመኪናው ጎን ሄዶ የፊት አክስሉን ይይዛል፤ እሱም ጫፉ አንድ ቦታ መድረስ አለበት። የፍሬን እጀታው ከነጂው ጎን በውጭ በኩል ይቆማል። የደህንነት ቀበቶ ከአሉሚኒየም ወረቀት፣ የፓራሹቱ ከረጢት ደግሞ በነጭ ሙጫ ከተነከረ ስስ ጨርቅ ጥሩ ሆኖ ይወጣል። ከነጂው ፊት ባለው ዳሽቦርድ ላይ ብዙ ጌጅ አትደርድሩ፤ ነጂው ለማንበብ ጊዜ አልነበረውም።

እድፍ ስታሳዩ ምክንያት ያለበት ቦታ ብቻ ይሁን። የጭስ ማውጫው በሙቀት ወደ ሰማያዊና ቡናማ ይቀየራል። ከኋላ ጎማዎቹ አጠገብ ያለው ገላ የጎማ ብናኝ ይይዛል፤ ያኔ ጎማው ሜዳውን ሙሉ ይጨስ ነበርና። ከፍሪሲዮኑ ሽፋን ዙሪያ ጠቆር ያለ አቧራ ይገኛል። ጭቃና ዝገት ግን እዚህ መኪና ላይ ምን ይሠራሉ? ባለቤቶቹ ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ ይወለውሉት ነበር።

ጎማዎቹን የምትገጥሙት በመጨረሻ ነው። ከመግጠማችሁ በፊት ቸርኬው ጎማውን በሚነካበት ቦታ ሁሉ ቀለም ወይም የአሉሚኒየም ወረቀት አልብሱ። አንዳንድ ለስላሳ ጎማ፣ በተለይ የቆዩ ሳጥኖች ውስጥ ያለው፣ ከዓመታት በኋላ ፕላስቲኩን እያቀለጠ ይበላዋል። ገና ያልተሠሩ ሳጥኖች ካሏችሁም ዛሬውኑ ክፈቷቸውና ጎማዎቹን ለብቻቸው በሌላ ከረጢት አስቀምጡ።